ስለ ደስታ የሚባሉ ተረትና ምሳሌዎች፦ ለ13 ወር ካላንደር የትኞቹ ይሆናሉ?

ደንገል፦

እንደምን ዋላችሁ ወገኖች። እዚህ ባሕር ዳር ለአንድ የንባብ ክበብ የግድግዳ ካላንደር እያሰናዳን ነው። 13 ገጽ ነው፤ በየወሩ አንድ አባባል ይገባል፤ ርእሱ ደስታ እንዲሆን ተስማምተናል። ጽሑፉ እስከ ነሐሴ 10 ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።

ኢንተርኔት ላይ «ስለ ደስታ የተነገሩ የአበው ምሳሌዎች» እየተባለ የሚዘዋወረውን ስንሰበስብ 20 ያህል ሞላልን። አንድ በአንድ ስናነባቸው ግን ጆሮ አልቀበላቸው አለ። «ደስታ ጉዞ እንጂ መድረሻ አይደለም»፣ «ገንዘብ ደስታን አይገዛም»፣ «መጨረሻ ላይ የሚስቅ ከሁሉ አብልጦ ይስቃል»። የትኛዋ አያት ናት እንዲህ ብላ የምትመክር? የተረትና ምሳሌ መድበል ገልጦ «ደስታ» የሚለውን ቃል መፈለግም ብዙ አላዋጣንም፤ ቃሉ ያለበት ተረት ጥቂት ነው።

ስለዚህ የምታውቁ እርዱን። የኛ የሆነውን ከተተረጎመው በምን እንለየው? ደስታን የሚመለከቱት የትኞቹ ናቸው፣ መቼና ለማን ይባላሉ? የጣና ዳርን ሰው የሚመስልስ አለ? ከየወሩ ጋርም ማዛመድ እንፈልጋለን፤ የሠርግ ወር ላይ የልቅሶ ቤት አባባል ገብቶ እንዳናፍር። እህታችሁ ነኝ፣ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ብርሌ፦

እህት ደንገል፣ ጆሮሽን እመኚው። «ደስታ» የሚለውን ቃል ያጣሽበት ምክንያት አለ፤ ከዚያ ብጀምር ሌላው ይቀልላል።

አማርኛ «ደስ አለኝ» ሲል ባለቤቱ እኔ አይደለሁም። «ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ» እንደምንለው ነው፤ ነገሩ መጥቶ ያገኘኛል። የቀድሞ ሰው ታዲያ ደስታን ፊቱ አስቀምጦ «ደስታ ማለት ይህ ነው» ብሎ አይተርትም። ምን ሲሆን እንደሚመጣ፣ ምን ሲያደርጉት እንደሚሸሽ ነው የሚናገረው። የምትፈልጊው ያለው ጎመን፣ ሎሚ፣ ከበሮ፣ ቆጥና ወርቅ በሚሉት ሥር ነው። አንድ ሌላ ቃልም ጨምሪ፦ «ዓለም»። «ዓለሟን አየች»፣ «ዓለሜ ዛሬ ነው» ሲባል ዓለም ማለት ተድላ ማለት ነው። «ዓለም ዘጠኝ ነው» የሚለውን ሰው ሁሉ ስለ ምድር ብቻ የተነገረ ይመስለዋል፤ በሁለተኛው ፍቺ ስታነቢው ግን ተድላም ቢሆን አስር ሞልቶ እንደማያውቅ ይነግርሻል።

የተተረጎመውን ለመለየት ሦስት ነገር እያየሽ ሂጂ። አንደኛው የግሡ ጫፍ ነው። የኛ ተረት ብዙ ጊዜ «አል» የሚለውን ጭራ ይቆርጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል እንጂ «ያስራል» አይልም። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል እንጂ «ያምራል፣ ያደናግራል» አይልም። ጭራው ሲቆረጥ ሁለቱ ሐረጎች ቤት ይመታሉ፣ ለአፍም ይፈጥናሉ። ሁለተኛው የሚጨበጥ ነገር መኖሩ ነው፤ «ጉዞ» እና «መድረሻ» አይጨበጡም። ሦስተኛው፣ ለኔ ዋናው፣ ተረቱ የሚባልበትን ሰዓት መናገር መቻልሽ ነው። ማን ለማን፣ ምን ሲሆን አለው? መልሱ ካልመጣልሽ አባባሉን ተዪው። የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም፤ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ቤት አይመታም፣ ግሡም ሙሉ ነው፣ ግን ከኛው ቤት የወጣ ነው። መከራ የደረሰበትን ሰው «ይህ ነገር መልካም ነገር ሊያመጣልህ ነው» ብሎ ለማጽናናት ይባላል።

አሁን ወደ ተረቶቹ። አብዛኞቹ ያለውን ማክበር ላይ ያተኩራሉ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው በተውሶ ጌጥ ወይም በሰው ስም ለሚያጌጥ ሰው ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል ምስሉን እዪው። ቆጥ ከራስ በላይ የተሠራ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ሴትዮዋ ክንዷን ወደ ላይ ስትዘረጋ ብብቷ ይከፈታል፣ ይዛው የነበረው ይወድቃል። ጥፋቱ መመኘቷ ላይ አይደለም፤ የያዘችውን ሳታስቀምጥ መዘርጋቷ ላይ ነው። ይህን ካላስረዳችሁ ወጣቱ «አትመኝ» የተባለ ይመስለዋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ደግሞ ደስታውን ሁሉ በማይጨበጥ ተስፋ ላይ ላስቀመጠ ሰው የሚባል ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር» የሌላውን ኑሮ ከሩቅ አይቶ ለሚቀና ይሆናል።

ከመጽሐፍ የመጣውንም ለዩት። «ደስ ያለው ልብ ፊትን ያበራል» ሕዝቡ እንደ ተረት ይጠቀምበታል፤ ምንጩ ግን መጽሐፈ ምሳሌ 15፥13 ነው። ካስገባችሁት ምዕራፉን ከሥር ጻፉ። ያለ ምንጭ ካተማችሁት የሚያውቅ ሁሉ ያርማችኋል።

ፈሊጥም ከተረት ይለያል። «አንጀቱ ቅቤ ጠጣ»፣ «ጮቤ ረገጠ»፣ «ሠርግና ምላሽ ሆነለት» ሙሉ አባባሎች አይደሉም፤ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ለገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ያምራሉ፣ ለራስጌ ግን አይሆኑም።

የዘጌ ሎሚ፦

ጋሽ ብርሌ መሠረቱን ስለጣሉልን እኔ ወደ ሐይቁ ልውረድ።

ለጥር የሚሆነው አንድ ብቻ ነው፦ «ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ»። ብዙዎች ስለ ሥራ ክፍፍል ብቻ ይጠቅሱታል። ግን ሎሚ ምን እንደሆነ አስቡ። ዘጌ ከቡናውና ከጌሾው ጋር የሚያወጣው ፍሬ ነው። በጥምቀት ደግሞ ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ደረቷ ላይ የሚወረውርባት እሱን ነው። ተረቱ «ጌጡ» ያለው በከንቱ አይደለም፤ ሽታውም መልኩም ለበዓል የሚያዝ ነው። «ሸክሙ» የሚለውንም በቅርብ አስተውሉት። ሐምሳ ሎሚ ከባድ ጭነት አይደለም፤ አንዱ 50 ግራም ቢሆን ሁሉም በአንድ ላይ 2 ኪሎ ተኩል ነው። የሚከብደው አያያዙ ነው። ዘንቢል በሌለበት በሁለት እጅ ስምንት ወይም ዘጠኝ ብትይዢ ነው፤ የቀረው ይንከባለላል፤ አንዱን ስታነሺ ሁለቱ ይወድቃሉ። ሐምሳ ሰው አንድ አንድ ሲይዝ ግን ሁሉም እጁ ላይ ጌጥ አለው። ሥዕል የምትጨምሩ ከሆነ የሎሚ ክምር አትሳሉ፤ ብዙ እጆች፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሎሚ ይሁን።

ለሠርግ ደግሞ «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳሉ» አለ። ለኛ ከተማ ከዚህ የበለጠ የሚስማማ አላውቅም። በዚህ አገር አነጋገር ሐይቁም ባሕር ነው፤ የከተማው ስምም የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። የሚባለው ሁለቱ ተጋቢዎች በጠባይ ሲመሳሰሉ ነው፤ አንዳንዴ ለመልካሙ፣ አንዳንዴም ለክፉው። ብቻውን ስታትሙት ግን እንደ ምርቃት ይነበባል፣ ነውር የለውም። ጥር ላይ ሎሚው ስላለ ይህን ለየካቲት አድርጉት።

አሁን በጣም የምወደውን ላምጣ፦ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል»። ይህ ስለ ደስታ ከተነገሩት ሁሉ ጠንካራው ነው ብል አላጋነንኩም። የሚባለው ጣፋጭ እየተናገረ ለሚያታልል ሰው፣ ወይም ሲጀምሩት ደስ እያለ ቀስ በቀስ ለሚያጠፋ ልማድ ነው። ጣና ዳር የቆመ ሰው ፍቺውን በዓይኑ ያየዋል። ሐይቁ በጣም ጥልቅ ነው በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳሩ ብዙ ቦታ ላይ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ልጆች ሲገቡ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ከዚያ ጉልበት፣ ውሃው እየኮረኮራቸው ወገብ ይደርሳል፣ ሳቁም ከጥልቀቱ ጋር ይጨምራል። አንድ ጉድጓድ ወይም የጭቃ መስጠም ሲያጋጥም ነው ሳቁ የሚቆመው። ለሐምሌ አስገቡት። የሐይቁ ወለል ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ነው፤ ከዚያ እስከ መስከረም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይነሣል። ሰኔ ላይ የቆሙበት ድንጋይ ነሐሴ ላይ አይታይም። ካላንደሩ ልጆች ያሉበት ቤት ስለሚሰቀል አባባሉ እንደ ማስጠንቀቂያም ያገለግላል።

የማይሆኑትንም ልናገር። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እና «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የኛው ሠፈር ናቸው ብላችሁ እንዳትሳቡ። የመጀመሪያው ስለ ተንከራታች ነው፣ ሁለተኛው አጠገቡ ያለውን ስላጣ ሰው፤ በቁጭት እንጂ በደስታ አይባሉም። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ግን ይቻላል። ሰላም ባለበት ነገር የሚቆሰቁስን ለማስታገስ ይባላል፤ ደስታን ለመጠበቅ ከሚመክሩት ወገን ነው። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ደግሞ ድካም ያለ ውጤት ማለት ነው፤ ጣናን ከወረረው አረም ስም ጋር በድምፅ ስለሚገናኝ አንባቢው አሳቡ ወደ አረሙ ይሄዳል። ለደስታ ካላንደር አይመከርም።

ቆጥና ብብት፦

በሁሉም እስማማለሁ፤ «ጎመን በጤና» እንዴት ሳይነሣ ቀረ? ለኔ ስለ ደስታ ከተነገሩት አጭሩና ሙሉው እሱ ነው፤ በሁለት ቃል ያልቃል። ነገር ግን አጠቃቀሙ ላይ ስሕተት ይበዛል። ሰዎች «ጤና ከሀብት ይበልጣል» ማለት ብቻ ይመስላቸዋልና የጤና ማስታወቂያ ላይ ይጽፉታል። እዚህ «ጤና» የሰውነት ጤና ብቻ አይደለም፤ ሰላም፣ ያለ ንትርክ፣ ያለ ስጋት መኖር ነው። የሚባለውም አንድ ሰው ትርፍ የሚያስገኝ ግን አደጋ ወይም ጠብ ያለበት ነገር ሲቀርብለት ነው። «ይቅርብኝ፣ ጎመን በጤና» ይላል። መጽሐፈ ምሳሌ 15፥17 ላይ የጎመን ወጥ በፍቅር መብላት ጥል ባለበት ፍሪዳ ከመብላት ይሻላል የሚለው ቃል ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል።

ስለዚህ ለሠርግ ወር አትስጡት። ሙሽሮች ፊት «ጎመን በጤና» ማለት «ከዚህ የተሻለ አላገኛችሁም» የሚል ይመስላል። ለመጋቢት ግን ልክ ነው፤ ትንሣኤ የፈለገው ቀን ላይ ቢውል የመጋቢት አብዛኛው ክፍል ዐቢይ ጾም ነው፣ ማዕዱም ጎመን ነው።

ከዚያ ሚያዝያ ላይ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር» ይከተል። በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ከበሮ አይመታም፣ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዘመመው፤ ትንሣኤ ሲደርስ ከበሮው ይመለሳል። ገጹን የሚያየው ሰው ድምፁ ገና ጆሮው ላይ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይግባ። ይህ ደስታ በዝግጅት ማነስ እንደሚበላሽ የሚናገር ነው። ከተማ ያደገው ወጣት ለምን እንደሚያስቅ ላያውቅ ይችላል፤ በርበሬውን ከሱቅ ተፈጭቶ ነው የሚያውቀው። በርበሬ መቀንጠስ ማለት የፍሬውን ጭራ መንቀል ነው፣ የመጀመሪያው ሥራ። ከዚያ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ቅመሙ ይታመሳል፣ ወፍጮ ይሄዳል። ፀሐይ ካልጠፋ እንኳ ከሳምንት በላይ ይፈጃል፤ በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨ ደግሞ ይሻግታል። ሠርገኛው በር ላይ ቆሞ ገና ቀንጥሱ መባሉ ነው ነገሩ። የታኅሣሥ አብዛኛው ክፍል ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሠርግ የለም፤ የጥር ደጋሽ ግን በርበሬውን መጨረስ ያለበት በዚሁ ወር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለውን አታስገቡት። ስለ መጠጥና ስለተደበቀ ቂም ነው። ካላንደሩ የእስላሙም የክርስቲያኑም ቤት ይገባል፤ የሁሉም የሆነውን ምረጡ።

ፊደል ቆጣሪ፦

ስለ ፍቺው ከተባለው ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ አጻጻፉ ግን አሁኑኑ ተነጋገሩበት። አንዴ ከታተመ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሞክሼ ፊደላትን ነገር ወስኑ። «ሠርግ» ታኅሣሥ ላይ በንጉሡ ሠ ከተጻፈ ግርጌው ላይ ያለው «ሠርግና ምላሽ»ም በሱ ይጻፍ። «ዓለም» በዓይኑ ዓ፣ «ኅዳር» በብዙኃኑ ኀ፣ «ሐምሳ» በሐመሩ ሐ፣ «የምሥራች» በንጉሡ ሥ። የወሮቹ ስም ላይ ስሕተት ይበዛል፦ ታኅሣሥ ውስጥ ሦስት ሞክሼ ፊደል አለ፣ ነሐሴ ውስጥ ሌላ። አንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ጽፋችሁ ለአራሚው ስጡት፤ በቃል ከተነጋገራችሁበት ይረሳል።

መስመር የምትሰብሩት ቤት በሚመታበት ቦታ ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣» አንድ መስመር፤ «ሲይዙት ያደናግር» ሁለተኛ መስመር። ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲሰብር ከተዋችሁት «ከበሮ በሰው እጅ» ብሎ ያቆምና ምቱን ይገድለዋል። ከነጠላ ሰረዝ ሌላ ምልክት አታብዙ፤ ቃለ አጋኖ ተረትን ማስታወቂያ ያስመስለዋል። «ጎመን በጤና» ሁለት ቃል ስለሆነ ገጹ ባዶ ይመስላል ብላችሁ ማብራሪያ አትደርቱበት፤ ፊደሉን አተልቁት።

ማተሚያ ቤት ስትልኩ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ፣ ዩኒኮድ ያልሆነ ጽሑፍ የነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ይሆናል። በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ፎንት ጻፉት፣ ፎንቱን ውስጡ አካታችሁ በፒዲኤፍ ላኩ። የመጀመሪያውን የሙከራ ኅትመት በወረቀት ጠይቁ፤ «ጠ» እና «ጸ»፣ «ሰ» እና «ስ» በስክሪን ያመልጣሉ። በማሠሪያው ሽቦና በምስማሩ ቀዳዳ በኩል ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ፤ አለዚያ የአባባሉ የመጀመሪያ መስመር ይበሳል።

ደንገል፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እስካሁን የደረስንበት ይህ ነው። ጥቅምት ላይ «በጥቅምት አንድ አጥንት»ን አድርገናል፤ የብርዱ ወር ነው፣ ምግቡም ደስታ ነው ብለን። ኅዳር የሰው ወርቅ፣ ታኅሣሥ በርበሬው፣ ጥር ሎሚው፣ የካቲት ባሕሩ፣ መጋቢት ጎመኑ፣ ሚያዝያ ከበሮው፣ ግንቦት ቆጡ፣ ሰኔ የሰማይዋ ላም፣ ሐምሌ ውሃው። ነሐሴ ላይ «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ይሆናል ወይስ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም»? መስከረምና ጳጉሜ ክፍት ናቸው። ከክበቡ አንዱ ደግሞ «ጥርስ ባዳ ነው» ስለ ሳቅ ስለሆነ ይግባ ይላል። ጋሽ ብርሌ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ብርሌ፦

«ጥርስ ባዳ ነው» ይቅር። ባዳ ማለት ዘመድ ያልሆነ ማለት ነው። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ጨዋታ ሰምቶ ሳቅ ሲያመልጠው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል፤ ልቤ ያዝናል፣ ጥርሴ ግን የቤተሰቡ አይደለም፣ ሐዘኔን አይጋራም ማለቱ ነው። ከዚህ የጠለቀ የሳቅ ተረት የለም፤ ቦታው ግን ልቅሶ ቤት ነው። ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚሰቀል አይደለም።

ለነሐሴ «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ይሁን። የክረምቱ ጨለማ ሊያልቅ፣ አዲሱ ዓመት ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው ነው። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» መጽናኛ ስለሆነ ወር አይመርጥም፤ የሽፋኑ ጀርባ ላይ አስቀምጡት።

ለመስከረም ተረት ሳይሆን ምልልስ ስጡት፦ «የምሥራች!» «ምሥር ብላ!» ይህ እየጠፋ ነው፤ ብዙ ወጣት የመጀመሪያውን ብቻ ያውቃል። መልካም ወሬ ይዞ የመጣው ሰው ወሬውን ከመናገሩ በፊት «የምሥራች» ይላል። ሰሚው «ምሥር ብላ» ብሎ ካልመለሰ ወሬው አይነገርም፤ ለሴት «ምሥር ብዪ»፣ ለብዙ «ምሥር ብሉ»፣ ለትልቅ ሰው «ምሥር ይብሉ»። ወሬው ከተነገረ በኋላ «እንኳን ደስ አለህ» ይከተላል። ለዚያ የሚገባው መልስ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ነው፤ «አመሰግናለሁ» ብቻ ማለት ደስታውን ለብቻ እንደ መውሰድ ይቆጠራል። ሁለቱንም ምልልስ አንድ ገጽ ላይ አድርጓቸው፣ የጠሪው በግራ፣ የመላሹ በቀኝ፤ ልጆች እያዩ እንዲለማመዱት። በጎጃም ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር የሚነቅሉት ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ስለሆነ ሥዕሉ እንግጫ የያዙ እጆች ቢሆን ገጹ ይሞላል።

ጳጉሜ ላይ «ዓለም ዘጠኝ ነው» ይግባ። ከአሥራ ሦስቱ ወር ሠላሳ የማይሞላው እሱ ብቻ ነው፤ አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት። ለገጹ ሌላ ማስጌጫ አትጨምሩበት፤ የቀኖቹን ሰንጠረዥ እንደሌሎቹ ወሮች በሠላሳ ቤት ሠርታችሁ፣ ከአምስቱ በቀር ያሉትን ሃያ አምስት ቤቶች ባዶ ተዉአቸው።

ደንገል፦

የቀረን እሱ ነበር። ባዶዎቹን ቤቶች ሠዓሊያችን በጣም ወደደው። የሙከራ ኅትመቱ ሲወጣ ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ፊደል ቆጣሪ፣ መጀመሪያ ያንተ ዓይን ይየው።

ፊደል ቆጣሪ፦

አያለሁ። ፎቶውን ስታነሺ ብርሃን ከጎን ይሁን፣ ወረቀቱ እንዳያንጸባርቅ። ታኅሣሥን ለብቻው በቅርብ አንሺው።